የሰባት ቁጥር በር

ነፋሷ ይሏታል። በዚያ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ በስሟ ብትጠይቁ «ማን ናት ደግሞ እሷ?» ነው የምትባሉት። ነፋሷ ካላችሁ ግን ዘበኛው ሳይቀር በአገጩ ወደ ኮሪደሩ ያመለክታችኋል። ቅጽል ስሙን በላቧ ነው ያገኘችው። ከቁርስ በፊት አስራ አንድ ሰው አጥባ፣ አልብሳ፣ አንሶላ ቀይራ፣ ወንበር ላይ አስቀምጣ ትጨርሳለች። ሌሎቹ ተንከባካቢዎች ገና ስድስተኛው ሰው ጋ ደርሰው ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ እሷ የአስራ አንደኛውን ፀጉር እያበጠረች ታንጎራጉራለች።

ይኼ ፍጥነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ዘዴ አለው። ፎጣውን፣ አንሶላውን፣ ሳሙናውንና የሙቅ ውሃውን ጀሪካን የሚሸከመው ጋሪ በክፍሎቹ በር አይገባም። በሮቹን የሠራው ሰው ጋሪውን አላየም፣ ጋሪውን የገዛው ሰው በሮቹን አላየም፤ ሁለቱም «ጎበዝ» ተብለው ሄደዋል። ስለዚህ ጋሪው ኮሪደር ላይ ይቆማል። ለአንድ ፎጣ በር መክፈት፣ ለአንድ ሳሙና በር መዝጋት ደግሞ ጊዜ ይበላል። ነፋሷ ታዲያ በሩን በተረከዟ ወለል አድርጋ ትከፍትና የጋሪውን ጎማ ታስደግፍበታለች፤ ከዚያ አልጋ፣ ጋሪ፣ አልጋ፣ ጋሪ። ማንም ምን አደረግሽ ብሏት አያውቅም። እንዲያውም ኃላፊዋ አዲስ ሠራተኛ በቀጠረች ቁጥር «ሂጂና እሷን አይተሽ ተማሪ» ትላለች።

ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ ብቻ! ሁሉንም አባባና እማማ እያለች፣ የዚህን ጥፍር እየቆረጠች፣ በዚያችኛዋ ቀልድ ለመቶኛ ጊዜ እንደ አዲስ እየሳቀች ነው የምትውለው። ሰው ሲሞትባትም ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ገብታ ታለቅሳለች፤ አልቅሳ ስትወጣ «ሽንኩርት ከትፌ ነው» ትላለች፣ ሽንኩርት የት አግኝታ እንደሆነ እንጃ።

ጣጣው የመጣው ከሰባት ቁጥር ነው። ሰባት ቁጥር የተኙት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ሽባ አድርጎ፣ አፋቸውን በአንድ በኩል ጎትቶ፣ ምላሳቸውን አክብዶ ጥሏቸዋል። አእምሯቸው ግን ንቁ ነው። በመጡ ሳምንት የነፋሷን የሥራ ልብስ ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ «ይኼን የሰፋው ሰው ተጣልቶሽ ነበር?» ብለው አስቀዋታል። ገላቸውንም በሰላም ይታጠቡ ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ግን ይታጠቡ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ነፋሷ ውሃዋን ይዛ ስትገባ ብርድ ልብሱን በደህናው እጃቸው እስከ አገጫቸው ስበው ጠበቋት።

«አልታጠብም።»

«እንዴ አባባ! ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» ብላ ስቃ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዝ ስታደርግ ሳሙና ማስቀመጫውን ከኮመዲኖው አንስተው ወረወሩት። ግድግዳው ላይ ተሰባበረ። እንኳን ነፋሷ፣ እሳቸውም ራሳቸው ደነገጡ።

ከዚያ ወዲያ በቃ፣ እምቢ አሉ። ረቡዕ እምቢ፣ ሐሙስ እምቢ። ሴት አጥባቸው አፍረው ይሆናል ተብሎ ከልብስ እጥበት ክፍል አንድ ትልቅ ሰው ተላከላቸው፤ እሱም በጥፊ ተመለሰ። ነርሷ በማባበል ሞከረች፣ ፊታቸውን አዞሩባት። «የስትሮኩ ነው፣ ጠባይ ይለውጣል» አለች ነርሷ፤ ሁሉም «እንግዲህ ይሆናል» ብለው ተቀበሉ። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው አልነበረም። ቢጠየቁም ይመልሱ እንደነበር እግዜር ይወቅ፤ ያም ሆኖ አልተጠየቁም።

በሳምንቱ ሰኞ ነርሷ ሽማግሌውን እንቅልፍ ሲወስዳቸው አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየች። የወገባቸው ጫፍ፣ አጥንቱ ላይ፣ የሳንቲም ያህል ቀልቷል። አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ይኼ ትልቅ አደጋ ነው፤ ቆዳው ሳይታጠብ፣ ሰውዬው ሳይገላበጥ ጥቂት ቀን ከቆየ ይፈነዳል፣ ከፈነዳም በቀላሉ አይድንም። ኃላፊዋ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቁስል አጥንት ድረስ ሲገባ አይታለች። ስለዚህ አልጨከነችም፤ ፈራች እንጂ።

«ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት» አለች ነፋሷን ቢሮዋ ጠርታ። «እስከዚያ በፈቃዳቸው ከታጠቡ ታጠቡ። ካልሆነ ከእጥበት ክፍል ሁለቱን ወንዶች ይዤ እመጣለሁ፤ ይዘው ያጥቧቸዋል። ከዚያ ወደ ኋላው ሕንፃ ይሄዳሉ።»

ነፋሷ ክው አለች። ኋላው ሕንፃ ውስጥ ክፍል ብሎ ነገር የለም። አንድ አዳራሽ፣ ስምንት አልጋ፣ መሀል ላይ አንድ የውሃ ጎማ። «አስቸጋሪ» የተባሉት ናቸው የሚሄዱት። ባለፈው ዓመት አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ፣ እንዴት ያለ ተጫዋች ሰው፣ ተይዞ ከታጠበ በኋላ ወደዚያ ተወስዶ ነበር። በነጋታው ልትጠይቀው ሄዳ ብታወራው፣ ብታስቀው፣ ከአፉ አንድ ቃል ጠብ አላለም። እስኪሞት ድረስ አልተናገረም።

«እኔ አጥባቸዋለሁ» አለች።

«ሳምንት ሙሉ ማን ከለከለሽ?» አለች ኃላፊዋ። ይኼም እውነት ነው።

ረቡዕ ደረሰ፤ እንደ ሰኞ ሁሉ የጠያቂ ቀን ነው። ጠያቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ኮሪደሩ ላይ፣ ከሰባት ቁጥር ትይዩ ነው። እዚያ ላይ አንዲት ጠና ያለች፣ ነጠላ ጫማዋ ሳይቀር ንጹሕ የሆነች ሴትዮ ተቀምጣለች፤ ስምንት ቁጥር ያሉትን እህቷን ለመጠየቅ ነው የምትመጣው። ጀርባዋን ለሰባት ቁጥር በር ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የተቀመጠችው። ነፋሷ ጋሪዋን እየገፋች ስታልፍ እጇን ያዘቻት።

«የኔ እመቤት፣ ጋሼ... ልብስ ሰፊው... ደህና ናቸው?»

«ምን ደህና አሉ እትዬ! አልታጠብም ብለው ዘጠኝ ቀናቸው። ገላቸው መቅላት ጀምሯል። ነገ ተይዘው በጉልበት ሊታጠቡ ነው።» ይኼን ለጠያቂ መንገር ነውር መሆኑ እንኳ አልታያትም። እንዲህ ነው ልማድ።

የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ።»

«ወይኔ!» አለች ሴትዮዋ። «ወይኔ ጉዴ! እኔ ነኛ።»

ነፋሷ ነገሩ አልገባትም። ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላትና ድምጿን ቀንሳ ነገረቻት።

«ሳገባ የሠርግ ቀሚሴን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ይኸውልሽ፣ ግራ ትከሻዬ ዝቅ ያለ ነው፤ ከልጅነቴ ጀርባዬ ጠማማ ነው። አሁን አይታይም፣ ለብሻለሁ። ያኔ ሙሽራው አያውቅም። እናቱ ብታውቅ ሠርጉ ይቀር ነበር፣ የዛሬን አትይ። ሱቃቸው ገባሁ፣ ሱቁ ሰው በሰው ነው። መጋረጃውን ዘጉና ሜትሩን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ምንም አላሉም። ‹ሃምሳ ስምንት› ብለው ውሸታቸውን ጮክ ብለው ለጸሐፊያቸው ጠሩ፤ ትክክለኛውን በጠመኔ መዳፋቸው ላይ ጻፉት። ቀሚሱን ስለብሰው በግራ ትከሻው ገበር ውስጥ ጥጥ ተሰፍቶበታል። ሁለቱ ትከሻዎቼ እኩል ሆኑ። ሱቅ ዘግተው ብቻቸውን ነው የሰፉት አሉ፣ ሠራተኞቻቸው እንኳ እንዳያዩ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት እሳቸው ጋ አሰፋሁ። እሳቸውም አላነሱት፣ እኔም አላነሳሁት። ባሌ እንኳ ስለ ጥጡ ሳያውቅ ሞተ።»

«እና?»

«እና በዋዜማው ሰኞ እዚህ ተቀምጬ በሩ ክፍት ነው። ቀና ብል እሳቸው። ደስ ሲለኝ... አላሰብኩም፣ በጭራሽ አላሰብኩም! ‹ውይ ጋሼ! እርስዎ ነዎት?› ብዬ ጮህኩ። በሩ ድረስ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ለነበሩት ሁሉ ‹የሠርግ ቀሚሴን የሰፉልኝ እኮ ናቸው!› አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። እሳቸው...» አፏን በእጇ ያዘች። «ራቁታቸውን ነበሩ። አንድ ክር ላያቸው ላይ አልነበረም።»

ነፋሷ ትዝ አላት። ሙቅ ውሃው ዘግይቶ ጠያቂ ከመጣ በኋላ ነበር የምታጥበው። ፎጣ ልታመጣ ጋሪው ጋ ነበረች። ሴትዮዋ ስትጮህ ሰምታ ደስ ብሏት፣ ወይ ጉድ፣ ደስ ብሏት ነበር፤ ለሰውዬው ጠያቂ ተገኘላቸው ብላ! ሮጣ ገብታ «ሰላም በሏት እንጂ አባባ!» ብላ ግራ እጃቸውን ከፍ አድርጋ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችላቸው። ያ እጅ ነበር የሸፈናቸው። ሌላ የሚሸፍናቸው ነገር አልነበረም።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ጋሪዋን ይዛ ሄደች። ማታ ቤቷ ገብታ ራሷን ስትታጠብ የመታጠቢያውን በር ሁለቴ ዘጋችው፤ ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው እንደሌለ እያወቀች።

ሐሙስ አስሩን ሰው በየበራቸው ዘግታ አጠበች። ቀርፋፋ ሆነች፤ ቁርስ ዘገየ፣ ወጥ ቤቷ ተነጫነጨች፣ አንዷ ተንከባካቢ «ነፋሱ ቆመ እንዴ ዛሬ?» ብላ ተሳለቀችባት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ባልዲ ሙቅ ውሃ፣ አራት ፎጣ፣ ሁለት አንሶላና ሳሙና በሁለት ክንዷ ተሸክማ ሰባት ቁጥር በር ላይ ደረሰች። ባልዲዎቹን አስቀምጣ አንኳኳች።

ዝም።

ደግማ አንኳኳችና ጠበቀች። መጠበቅ አልለመደችም፤ እግሯ ለብቻው ወለሉን ይመታል።

«ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ግራ የገባው ድምፅ ነው። ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ ያን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እኔ ማን?»

«ነፋሷ።»

«አልታጠብም!»

«ለመታጠቡ አይደለም። የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«ግቢ።»

ገባች፤ ባልዲዎቿን አስገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ጠረኑ ከብዷል፤ ዘጠኝ ቀን አልፎታል። ብርድ ልብሱ አገጫቸው ድረስ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ያ ደግሞ በሥራ ዘመኗ ያላደረገችው ነው።

«አባባ፣ ያን ሰኞ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እጅዎንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰላምታ መስሎኝ ነበር። አጥፍቻለሁ።»

ሽማግሌው ጣሪያውን እያዩ፣ በዚያ በከበደ ምላሳቸው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ፣ «አውለበለብሽኝ» አሉ። «እንደ ባንዲራ።»

ነፋሷ ልትስቅ ነበር፣ እንባዋ ቀደማት። «ለምን አልነገሩኝም? ሳሙና ከሚወረውሩ በቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ምን ልበልሽ? ሰው ራቁቴን አየኝ ልበል?» ተቆጡ። «ይኼ ይወራል? ቢወራማ መጋረጃ ለምኔ ነበር!» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሱቄ የእጅ መዳፍ ታክል ነበር። ሰው በላዬ ላይ ይተራመስ ነበር። ግን መጋረጃውን ሳልዘጋ ሰው ላይ ሜትር አሳርፌ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ።»

«ተነግሮኛል።»

«ማን?»

«ሴትዮዋ። ስለ ትከሻዋ ራሷ ነገረችኝ። በራሷ እያዘነች ነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መናገር አልነበረባትም» አሉ። «ደህና ሰፍቼው ነበር።»

ነፋሷ ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር አላስቀረችም። አራት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ሁለት ወንዶች ይዛ እንደምትመጣ፣ ይዘው እንደሚያጥቧቸው፣ ከዚያ ወደ ኋላው ሕንፃ እንደሚወሰዱ፣ እዚያም ምን እንዳለ ነገረቻቸው።

«እኔን ሳይጠይቁ?»

«አዎ አባባ።»

«ይኼ በር ይቆለፋል?»

«አይቆለፍም። እዚህ ቤት የሚቆለፍ የሰው ክፍል የለም። ወንበሩን ላስደግፍበት?»

በሩን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ባልዲውን አዩት። «ተይው» አሉ። «ውሃው ሳይቀዘቅዝ ነይ። ግን እንደምልሽ ነው የምታደርጊው።»

እንደ አዲስ ተለማማጅ አሠሯት። መጀመሪያ ብርድ ልብሱ ላይ አንሶላ ታለብሳለች፣ ከዚያ ብርድ ልብሱን ከሥር ታወጣለች። «አትጎትቺው! ጨርቅ አይጎተትም፣ ይከተላል።» ፊታቸውን ልታጥብ እጇን ስትሰነዝር «አምጪው» ብለው ጨርቁን ተቀበሏት። ግራ እጅ እንዳላቸው እስከዛሬ ያወቀች አይመስልም፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ሁልጊዜ እሷ ነበረች የምትጠርጋቸው። ቀስ ብለው፣ ጆሯቸውን፣ ከጆሯቸው ጀርባ፣ አንገታቸውን ጠረጉ። ከዚያ አንድ ክንድ ከአንሶላው ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይገባል። ሌላው ሳይሸፈን ሌላው አይወጣም።

«ዓይንሽ የት ነው?»

«እርስዎ ላይ ነዋ! የት ይሁን?»

«እሱ ነው ጥፋቱ። ጨርቁ ላይ አድርጊው። እኔ ልኬት ስወስድ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነበር። ሜትሩ ሥር የቆመ ሰው ዓይንሽ የት እንዳረፈ ያውቃል። ጀርባውን ሰጥቶሽ እንኳ ያውቃል።»

ዓይኗን ጨርቁ ላይ አደረገች። እንዲህ ስታደርግ የገዛ እጇ ለሰሰ፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ሆዳቸው ላይ ስትደርስ «ከዚህ በታች የኔ ነው» አሉ። ጨርቁን አጥባ፣ ጨምቃ አቀበለቻቸውና ዞራ ቆመች። ግድግዳው ላይ ሳሙና ማስቀመጫው ያረፈበት ምልክት ነበር፤ እሱን ስታይ ቆየች። ከኋላዋ አንድ እጅ ብቻውን ሲታገል ይሰማታል። ልርዳዎት ማለት አፏ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ምላሷን ነከሰች።

«ጨረስኩ።»

ሰውነታቸው ለቀቅ ብሏል። ፊታቸው ቀልቷል። «አሁን ሰው ሰው ሸተትኩ» አሉ፤ እሷም «ገና ነው፣ እግር ቀርቷል» ብላ አሾፈችባቸው። የቀኝ እግራቸውን ከአንሶላው አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በሳሙና አሸችው። ሽባው እግር ነው፣ ምንም አይሰማቸውም፤ ቢሆንም በጣቶቹ መሀል ሳይቀር አሸችው።

ጫማ ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ የሰማችው ያኔ ነው። የኃላፊዋ ተረከዝ ይታወቃል። ከኋላው የሁለት ሰው ከባድ ኮቴ አለ። ነፋሷ ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት። ሁለት እጇ አረፋ ነው፣ እግራቸው ጭኗ ላይ ነው። ብትነሳ ይወድቃል። የጠያቂዎቹ ወንበር ደግሞ እዚያው ትይዩ ነው፤ ሐሙስ ቢሆንም ሁለት ሦስት ሰው አይጠፋበትም።

ኮቴው ቆመ። የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ።

«ሰው አለ!»

እሷ አይደለችም የጮኸችው። ያ የከበደ ምላስ፣ ያ የተጎተተ አፍ፣ በሕይወቱ ሙሉ በተጨናነቀ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ የጠበቀ ሰው ድምፅ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተሰማ።

እጀታው ባለበት ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ። ሰው ነው ሁሉም፤ ይኼን ቃል ሰምቶ እጁን የማይሰበስብ የለም።

«ይ... ይቅርታ» አለች ኃላፊዋ ከውጭ። በዚያ ቤት አስራ አራት ዓመት ስትሠራ በር አንኳኩታ አታውቅም። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም።»

«አንገባም እንዴ?» አለ ከወንዶቹ አንዱ።

«ሰው አለ ተባልክ እኮ!» ብላ ተቆጣችው። «ሂዱ፣ ሂዱ ወደ ሥራችሁ።»

ኮቴዎቹ ራቁ። የእሷ ብቻ አልራቀም፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ፣ ትይዩ ተቀምጣ ልትጠብቅ ነው። ነፋሷ ሳቋ መጣ፣ እንባዋ መጣ፣ የቱ እንደሚቀድም ስላላወቀች እግራቸውን አጥብቃ ያዘችና አንገቷን ደፋች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ሽማግሌው። «አታቁሚ። ጀርባዬ ቀርቷል።»

ጀርባቸውን፣ ያንን ዘጠኝ ቀን ለማንም ያላሳዩትን ጀርባ፣ ሊሰጧት ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው የአልጋውን ብረት ያዙና እንድታገላብጣቸው ጠበቁ።